ባዶ ነው የተባለው ቤት

ሟቹ ጫማቸውን አውልቀው ነበር።

መርማሪዋ መጀመሪያ ያየችው ይህንኑ ነው። አስከሬኑን ከወደቀው ጣሪያ ሥር አውጥተው ነጭ አንሶላ ካለበሱት በኋላ፣ እሷ ጎንበስ ብላ ከተሰበረው አልጋ ሥር ተመለከተች። ጥቁር የቆዳ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ካልሲዎቹ ተጠቅልለው ውስጡ ገብተዋል። አቧራ ሞላባቸው እንጂ ሌላ የደረሰባቸው ነገር የለም።

«ሳጅን፣ ይህን ጫማ እየው እስቲ።»

ሳጅኑ አየው። ሰውነቱ ግዙፍ፣ ረሃብ የማይችል፣ ልቡ ግን የዋህ ነው። «አለቃ፣ የወደቀባቸው ጣሪያ ነው። ጫማ ቢያደርጉስ ምን ይፈይድላቸው ነበር?»

«ለሳቸው አይፈይድም፣ ለእኔ ግን ይናገራል። ጫማውን አውልቆ ካልሲውን የጠቀለለ ሰው ሊወጣ አላሰበም። አረፍ ብሎ ነበር።»

«በገዛ ቤቱ አረፍ ያለ ሰው ምን ይገርማል?»

ምን እንደሚገርም ለራሷም ገና አልገባትም ነበር።

ከውጭ ጩኸቱ ቀልጧል። ቅያሱ በሰው ተጨናንቋል። በመሀል አንዲት ሴት ነጠላ ጫማዋ አንዱ ወልቆ፣ እጇ በፀጉር ሳሙና እንደተነከረ ትጮኻለች። የሟቹ ልጅ ናት፣ ፀጉር ሠሪዋ። ሱቋ ከአባቷ ቤት ፊት ለፊት ነው።

«አንተ ነህ! አባቴን የገደልካቸው አንተ ነህ! ገዳይ!»

ጣቷን የቀሰረችበት ሰው ከፊቷ ቆሟል። ድንጋይ ሲምስ ጥፍሮቹ ተልጠው ደም ይንጠባጠብባቸዋል። ግንበኛ ነው። ባሏም ነው።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ የግድግዳውን ድጋፍ ያቆመው እሱ ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ብሎክ ከከተማው ሁሉ አሮጌው ነው። ድንጋይና ጭቃ ግድግዳ፣ የእንጨት ሰገነት፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የሚኖር የቤት መንጋ። አንድ የጥናት ቡድን ብሎኩን ለማደስ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቤት ለቤት እየለካ፣ ሰው እየጠየቀ፣ ፎቶ እያነሳ ይሠራ ነበር። የቡድኑ መሪ የከተማ ንድፍ ምሁር ሲሆን ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት አሮጊት ይህን ሰምተው ጉልበታቸውን ገልጠው አሳይተውታል። እሱም አልሳቀባቸውም፤ ሐኪም ቤት ድረስ አደረሳቸው እንጂ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

ሟቹን ደግሞ ሰፈሩ «አባባ ደቂቃ» ይላቸዋል። ሰዓት ሠሪ ነበሩ። ቀጠሮ ያረፈደ ሰው ካዩ የማያውቁትም ቢሆን ይቆጡታል። የቤታቸው የጎን ግድግዳ ወደ ቅያሱ ሆዱን ስለነፋ ቡድኑ ግንበኛውን ቀጠረውና ሦስት ወፋፍራም የድጋፍ እንጨቶች አቆመበት። በየድጋፉ ሥር እንጨቱን አጥብቆ የሚይዝ ሽብልቅ፣ ጫፉ የቀጠነ የእንጨት ቁራጭ፣ ገባ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እስከዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ።

ግድግዳው ወደ ቅያሱ ተናደ። የጣሪያው ግንድ ግን ወደ ውስጥ፣ አልጋው ላይ ወረደ።

*

ግንበኛው በጣቢያው ወንበር ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ጣቶቹን ነርስ አስራለታለች።

«ድጋፉን ያቆምከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው?»

«ጠዋት። በየጠዋቱ አያለሁ። የአማቴ ቤት አይደል እንዴ?»

«ሽብልቁ ሊንሸራተት ይችላል?»

«አይችልም። መኪና ባለፈ ቁጥር መሬቱ ስለሚንቀጠቀጥ ሽብልቁን በምስማር እመታዋለሁ። ልማዴ ነው።»

«እነዚህንስ መትተሃቸዋል?»

ግንበኛው ቀና አለ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«እመቤቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት? መትቻለሁ እላለሁ። ከዚያ እሷ ገዳይ ያለችኝ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ የመታሁት አይመስለኝም። እጄ የለመደውን ነገር ልቤ ከዳው።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቢፈረድብህ ስንት ዓመት እንደሚጠብቅህ ታውቃለህ?»

«እስሩ አይደለም የሚያንገበግበኝ። እሳቸው እኔን እንደ ልጃቸው ነው ያዩኝ። እሷ ካልማረችኝ ብፈታስ የት እገባለሁ? ማን ቤት?»

ሳጅኑ ወደ መስኮቱ ዞረ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ሆዱ ቶሎ ይባባል።

*

በማግስቱ ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ ሱቋን ከፍታ ነበር። ልትሠራ አይደለም። ቤት መቀመጥ አቅቷት ነው። መስተዋቶቹን በፎጣ ሸፍናቸዋለች።

«ምን ቀረሽ? ያዛችሁት አይደል?» አለች መርማሪዋን፣ ፊቷን ሳታዞር።

«አንድ ነገር አልገባኝም፣ እህቴ። አባትሽ አስር ሰዓት ላይ አደባባዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ትናንት ለምን ቤት ዋሉ?»

«ትናንት ብቻ ነው እንዴ?» ሴትዮዋ ዞረች። «አግዳሚውን ካነሱት ወዲህ መቼ ወጡ? እዚያ ዛፍ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ነበር ድሮ። የጥናት ቡድኑ ሰዎች አደባባዩን እናሳምራለን ብለው ወስደው ከፀሐዩ ላይ ተከሉት። አባቴ ዓይናቸውን ቀዶ ጥገና ካደረጉ ጀምሮ ብርሃን ያማቸዋል። አንድ ቀን ሞክረው እንባቸው እየወረደ ተመለሱ። ከዚያ በቃ። አስር ሰዓት ሲሆን ይተኛሉ። ደግሞ ከተኙ መድፍ አይቀሰቅሳቸውም።»

«ለጥናት ቡድኑ አልነገራችሁም?»

«አባቴ ናቸው የሚናገሩት? ወንበሬን መልሱልኝ ብለው? ይሞቷታል እንጂ አይሉም።» ያለችውን ራሷ ሰማችውና አፏን በእጇ ያዘች።

መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች። «ግድግዳው ሲወድቅ ምን እየሠራሽ ነበር?»

«ደንበኛ እያጠብኩ። አርፍዳ መጥታ ስትነጫነጭብኝ ነበር። ቅያሱ ተዘግቷል፣ በጀርባ ዞሬ መጣሁ እያለች።»

«በምን ተዘግቶ?»

«በዚያ በቀይና ነጭ ሪባን።»

መርማሪዋ ተነሳች። ሪባኑን ትናንት ስትደርስ አይታዋለች። ከፖሊሶቹ አንዱ የወጠረው መስሏት ነበር። ፖሊሶቹ ደግሞ የቡድኑ ሰዎች ከአደጋው በኋላ የወጠሩት መስሏቸዋል። እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሌላው ሠራው ይላል፣ ማንም አይጠይቅም።

«እህቴ፣ ልብ ብለሽ አስቢ። ደንበኛሽ የመጣችው ግድግዳው ከመውደቁ በፊት ነው?»

«ፀጉሯን ሳሙና ቀብቼ ሳለሁ ነው የወደቀው እኮ! ታዲያ በፊት ነዋ።»

«ሪባን ግንበኛው አለው?»

«እሱማ ከየት ያመጣል? የጥናት ቡድኑን ስጡኝ ብሎ ስንት ጊዜ ለምኗል።» ድንገት ወደ መርማሪዋ ተጠጋች። «ለምንድን ነው የምትጠይቂኝ? እሱ አይደለም ልትዪኝ ነው? እሱ ካልሆነ እኔ ሰው ፊት ምን አልኩት?»

«ገና አላወቅሁም» አለች መርማሪዋ። «ሳውቅ ግን አንቺን ነው መጀመሪያ የምነግርሽ።»

*

ሰፈሩ ግን የሚጠረጥረው ሌላ ሰው ነበረው። ከቅያሱ አፍ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ አንድ ስም ብቻ ይንሾካሾካል፤ ባለፎቁ።

ባለፎቁ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። አሮጌ ቤት ያፈርሳል፣ ፎቅ ያቆማል። ይህንንም ብሎክ ከላዩ እስከ ታቹ ለማፍረስ ለከተማው ጥያቄ አቅርቧል። ኮሚቴው ዓርብ ተሰብስቦ የዶክተሩን የእድሳት ንድፍ ይቀበላል፣ ወይም ቦታውን ለባለፎቁ ይሰጣል።

«እኔ?» ባለፎቁ ሳቀ። ቢሮው ከደረቱ የሚበልጥ ጠረጴዛ አለው። «የኔ እህት፣ ዓርብ እንደማሸንፍ እያወቅሁ ረቡዕ ግድግዳ የምገፋ ቂል እመስላለሁ?»

«እንደሚያሸንፉ በምን አወቁ?»

«የዶክተሩ ንድፍ መግቢያ የለውማ! መሀል ያለውን ግቢ ለሰው ክፍት አደርጋለሁ፣ ሱቅ በሱቅ ይሆናል፣ ቤቶቹ በኪራዩ ይታደሳሉ ይላል። ጥሩ። ግን ሰው በየት ይግባ? በዚያ በሰዓት ሠሪው ቤት ብቻ ነው መንገድ የሚወጣው። ሽማግሌው ደግሞ ቤቴን አልለቅም ብለው እምቢ አሉ። ኮሚቴው መግቢያ ሳታሳይ አትምጣ ብሎታል። እኔ ምን አደከመኝ? እግሬን ሰቅዬ መጠበቅ ነው።»

«እርስዎስ ሽማግሌውን አላነጋገሩም?»

«ደላላዬን ሁለት ጊዜ ልኬ ሁለቱንም ጊዜ አባረውታል። በኋለኛው ጊዜማ ገብቶ በትከሻቸው ቢነቀንቃቸው ጫማ ወርውረውበታል፣ ከእንቅልፌ ቀሰቀስከኝ ብለው።»

«በስንት ሰዓት ነበር የሄደው?»

«አስር ሰዓት ላይ ነዋ። ያን ሰዓት ቤት እንደሚገኙ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

ከቢሮው ሲወጡ ሳጅኑ ጥርሱን ነክሷል። «አለቃ፣ ይህን ሰው ባስረው ደስ ይለኝ ነበር። ሳቁ ብቻ ያሳስራል።»

«እኔንም ደስ ይለኝ ነበር። ግን እሱ አይደለም ያደረገው።»

«ደስ የማይል ነገር ነው።»

*

የጥናት ቡድኑ የሚሠራው በብሎኩ ጥግ፣ ድሮ የጨርቅ መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። መሀሉ ላይ ሰፊ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ መላው ብሎክ በእንጨት ተሠርቶ ተቀምጧል። ሰገነቱ፣ ደረጃው፣ የውሃ ቧንቧው ሳይቀር። የክብሪት ዘንግ የሚያህል አግዳሚ እንኳ አለው። ሳጅኑ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ዶክተሩ ጢሙን አልተላጨም፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል። ከጎኑ የቡድኑ ቀያሽ የሆነች ወጣት የመለኪያ ሜትር ስትጠቀልልና ስትፈታ ነበር።

«ምን ልርዳሽ?» አለ ዶክተሩ። «አባባ ደቂቃ ለኔ ዘመድ ነበሩ። ይህን ሰዓት ያደሱልኝ እሳቸው ናቸው። ልክፈል ስላቸው አልቀበልም ብለው።» የእጅ ሰዓቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ግንበኛውም ጎበዝ ልጅ ነው። ሰው ነው፣ ይዘነጋል። እባካችሁ አትጨክኑበት።»

«ንድፉን ያስረዱኝ። የሕንፃ ነገር አይገባኝም።»

ዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰ። ፊቱ በራ። ሰው የሚወደውን ነገር ሲናገር እንዲህ ይሆናል። «ይህ ግቢ የብሎኩ ልብ ነው፤ ግን ተቆልፎበታል። ድሮ መተላለፊያ ነበረው። ኋላ ቤት ተሠርቶ ተደፈነ። መተላለፊያው ቢመለስ...»

በሁለት ጣቱ አንዲት ትንሽ ቤት ይዞ ብድግ አደረጋት። እንድትነሳ ሆና የተሠራች ናት። ከሥሯ ወደ ግቢው የሚያስገባ ቀጭን መንገድ ታየ።

መርማሪዋ ትንሿን ቤት አወቀቻት፤ የሰዓት ሠሪው ናት። የጎኗ ግድግዳ ሦስት ቀጫጭን የድጋፍ እንጨት ቆሞበታል።

«አስር ሰዓት ላይ ሽማግሌው ዘወትር የት ነበር የሚገኙት?» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀይር።

«አግዳሚው ላይ» አለ ዶክተሩ ወዲያው። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ ካርታ እያመለከተ። ካርታው በቢጫና በሰማያዊ ነጠብጣብ ተሞልቷል። «እያንዳንዱ ነዋሪ በየሰዓቱ የት እንደሚውል አጥንተናል። ይቺ ቢጫ ነጥብ እሳቸው ናቸው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ፣ አንድ ቀን አያጓድሉም። ትናንት ለምን ቤት እንደቀሩ አይገባኝም። ሌሊቱን ስጠይቅ ያደርኩት ይህንኑ ነው። ለምን ቤት ነበሩ?»

መርማሪዋ ቢጫዋን ነጥብ ትኩር ብላ አየቻት። ፊቷ ላይ ግን ምንም አላስነበበችም።

«ግድግዳው ሲወድቅ የት ነበሩ?»

«እዚህ። እሷም ነበረች።»

ቀያሿ ራሷን ነቀነቀች። «አብረን ነበርን። ድምፁን ሰምተን አብረን ነው የሮጥነው።»

መርማሪዋ ልጅቷን ወደ በረንዳው ጠራቻት። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ከዚያ በፊትስ? ዶክተሩ ወጣ ብሎ ነበር?»

«ለትንሽ ጊዜ። አየር ልቀበል ብሎ።»

«ትናንት ሥራችሁ የት ነበር?»

«በቅያሱ በኩል ነበር የታሰበው። ምሳ ላይ ግን እሱ ቀየረው። ሁላችሁም ጀርባውን ለኩ፣ በቅያሱ በኩል ማንም እንዳይሄድ አለን። እኔ የለካነውን ልመዘግብ ቀድሜ ተመለስኩ።»

«የማገጃ ሪባናችሁ የት ነው የሚቀመጠው?»

ልጅቷ በተዘጋው በር በኩል ወደ አዳራሹ ጠቆመች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እሱ እኮ ጉንዳን እንኳ የሚረግጥ ሰው አይደለም» አለች።

«ይህንኑ ነው እኔም ያየሁት» አለች መርማሪዋ።

*

ሳጅኑና ሁለት ፖሊሶች ቅያሱ ውስጥ ድንጋይ ሲያነሱ ዋሉ። ሳጅኑ ወገቡን እየያዘ ረግሟል፣ ምሳው እንዳለፈበትም ለሰፈሩ ሁሉ ነግሯል። ሽብልቆቹ የተገኙት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

ከድጋፉ ሥር አልነበሩም። ከቅያሱ ማዶ፣ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ሥር ነበሩ። ሦስቱም ጎን ለጎን፣ ልክ ተደርገው ተደርድረዋል። የወደቀው ድንጋይ ሸፍኗቸው ነበር እንጂ አላናወጣቸውም። መርማሪዋ የሽማግሌው ጫማ ትዝ አላት።

አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው። የምስማር ቀዳዳ አለው። ንጹሕና ቀጥ ያለ። በጉልበት የተገነጠለ ቢሆን እንጨቱ ይሰነጠቅ ነበር። ምስማሩ በፒንሳ ተይዞ፣ በትዕግሥት ነው የተነቀለው።

«ልጁ መትቶት ነበር» አለ ሳጅኑ። «አየሽ አለቃ? ምስማሩን መትቶት ነበር!»

«መትቶት ነበር። አሁን ምስማሮቹን ፈልግልኝ።»

«የት? በዚህ ሁሉ አፈር ውስጥ?»

«አፈር ውስጥ አይደለም። ይህ ሰው ሽብልቅ እንኳ ሰው እንዳያደናቅፍ ጥግ አስይዞ የሚደረድር ነው። ምስማር መንገድ ላይ ጥሎ የሰው እግር አያስወጋም። ኪሱ ከቶታል። ከኪሱ አውጥቶ ደግሞ ምስማር በሚቀመጥበት ቦታ ያስቀምጠዋል።»

*

ዶክተሩ በጣቢያው ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል። የእጅ ሰዓቱ በጸጥታው ውስጥ ይሰማል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ያስቸግረኛል» አለች መርማሪዋ። «ይህን ያደረገው ሰው ሰው ሊገድል አልፈለገም።»

«ያደረገው ሰው? አደጋ ነው እኮ።»

«ቅያሱን አስቀድሞ በሪባን ዘጋ፣ አላፊ እንዳይጎዳ። የራሱን ሰዎች ወደ ጀርባ ላከ። ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት መረጠ። ይህን ሁሉ የተጠነቀቀ ሰው ሽማግሌው ቤት መኖራቸውን ቢያውቅ ኖሮ እጁን አያነሳም ነበር። ልክ ነኝ?»

ዶክተሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«እንግዲህ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ የሚያምን ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ግንበኛው? አማቱ በዚያ ሰዓት እንደሚተኙ ያውቃል። ባለፎቁ? ደላላው ጫማ ተወርውሮበታል። ዳቦ ሻጩ ያውቃል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። በዚያ ሰዓት አባባ ደቂቃ ውጭ ናቸው ብሎ የሚምል አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ። ካርታ ላይ በጣቱ አሳየኝ።»

«ይህ... ይህ ማስረጃ አይደለም።»

«አይደለም» አለች። ለሳጅኑ ራሷን ነቀነቀች።

ሳጅኑ አንዲት የቆርቆሮ ሳሕን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከአዳራሹ የተገኘች፣ ለእንጨቱ ሞዴል የሚሆኑ ምስማሮች የሞሉባት ናት፣ የስንዴ ፍሬ የማያክሉ። በመካከላቸው ሦስት ረጃጅም ምስማሮች ተጋድመዋል። አንገታቸው ላይ የፒንሳ ጥርስ ታትሟል።

«በሽብልቆቹ ቀዳዳ ገብተው ልክ ሆነዋል» አለች መርማሪዋ። «አሁንስ?»

ዶክተሩ ምስማሮቹን አያቸው። ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ። ሰው ተሸክሞት የዋለውን ነገር ሲያስቀምጥ እንደሚያደርገው።

«አንኳኩቼ ነበር» አለ። «በሩን አንኳኩቻለሁ። አባባ ብዬ ተጣራሁ። ማንም አልመለሰልኝም።»

«ከተኙ አይሰሙም።»

«ሽብልቆቹን አውጥቼ ተመለስኩ፤ በውጭ መኪና ሲያልፍ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ግድግዳው ብቻ ነው የሚወድቀው ብዬ ነው። ግንዱ ይይዛል ብዬ። ቤቱ ለኑሮ አደገኛ ነው ይባላል፣ እሳቸው ፊት ለፊት የተሻለ ክፍል ይሰጣቸዋል፤ ክፍሉን መርጬላቸው ነበር፣ መስኮት ያለው። መተላለፊያው ይከፈታል። ዓርብ ኮሚቴው ይቀበለናል። አለዚያ እኮ ሁሉም ነው የሚፈርሰው! ሁሉም ቤት! ያ ሰው በአንድ ሳምንት ሜዳ ያደርገው ነበር። አንድ ግድግዳ ነው ያልኩት። አንድ ግድግዳ ለሰፈሩ ሁሉ።»

«ግንበኛውስ?»

«ጥሩ ጠበቃ ልይዝለት ነበር።»

መርማሪዋ ደሟ ፈላ። እስካሁን «እርስዎ» ስትለው የነበረችውን ሰው አሁን አንተ አለችው። «ጠበቃ! ሚስቱ ገዳይ ስትለው ቆመህ ሰምተሃል። ጣቶቹ ደም ሲያነቡ አይተሃል። እሱ አሁን ምስማሩን መምታቱን ራሱ ይጠራጠራል። ምስማሩ ደግሞ አንተ ኪስ ነበር።»

ዶክተሩ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ከእጆቹ ሥር ድምፁ ታፍኖ መጣ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ለምን ቤት ነበሩ? እባክሽ። ታመው ነበር?»

«አግዳሚውን ከጥላ አንስተህ ፀሐይ ላይ ተከልከው። ዓይናቸው ታክሞ ነበር፣ ብርሃን አይችሉም። ካነሳኸው ጀምሮ አንድ ቀን ሞክረው አልተመለሱም።»

«አይሆንም» አለ ዶክተሩ፣ ቀና ብሎ። ልክ በስብሰባ ላይ እንደሚከራከር ሰው። «አግዳሚው እኮ ሁልጊዜ ሞልቶ ነው የማየው! ተማሪዎቹ፣ ወጣቶቹ... ከድሮው እጥፍ ሰው ነው የሚቀመጥበት። ቆጥረናል!»

«ሞልቷል። አንድ ሰው ጎድሎበት ነው የሞላው።»

ዶክተሩ ሰዓቱን ከእጁ ፈታና ምስማሮቹ አጠገብ አስቀመጠው። ሰዓቱ ልክ ነበር።

*

መርማሪዋ ቃሏን ጠበቀች። መጀመሪያ የነገረችው ለፀጉር ሠሪዋ ነው።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች። አላለቀሰችም። «ምስማሩን መትቶት ነበር?» ብቻ አለች።

«ሦስቱንም።»

ግንበኛው ሲፈታ ጣቢያው በር ላይ ጃኬቱን ይዛ ቆማ ነበር። እሱ ሲያያት ደረጃው ላይ ቆመ። መውረድ ፈርቷል።

«መትቼው ነበር» አለ። «እኔ እንኳ አላመንኩም ነበር።»

«እኔም አላመንኩህም።» ወደ ደረጃው ተጠጋች። «ሰው ፊት የተናገርኩትን ሰው ፊት ነው የምመልሰው። ና፣ በቅያሱ በኩል እንሂድ። በጀርባ አንዞርም። ሁሉም ይየን።»

ጃኬቱን አለበሰችው። ጣቶቹ ስለታሰሩ ቁልፎቹን ራሷ ቆለፈችለት። ሳጅኑ በመስኮት እያየ አፍንጫውን ናፍጦ ጉንፋን ይዞኛል አለ። ማንም አልጠየቀውም።

ኮሚቴው ዓርብ አልተሰበሰበም፤ ቀጠሮው ተዛወረ። ቀያሿ ጥናቱን ከመጀመሪያው ልትጀምረው ቤት ለቤት መዞር ያዘች፤ አሁን የምትጠይቀው የት ትውላላችሁ ብቻ ሳይሆን ለምን እዚያ እንደሚውሉም ነው። ባለፎቁ አሁንም እግሩን ሰቅሎ ይጠብቃል። ብሎኩ ይትረፍ አይትረፍ የሚያውቅ የለም።

ለአግዳሚው ግን ኮሚቴ የጠበቀ አልነበረም። ቅዳሜ ዕለት ዳቦ ሻጩ፣ ግንበኛው፣ ደላላው ሳይቀር ተሰብስበው የአግዳሚውን ብሎን ፈቱት። ግንበኛው በሁለት እጁ መያዝ ስላልቻለ በትከሻው ገባበት። ተማሪዎቹ ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ እያሉ አጀቡት። ፈቃድ የጠየቀ የለም። ሳጅኑም በዚያ ሲያልፍ አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ ቆይቶ ግን ተመልሶ አንዱን ጫፍ ያዘ።

ከዛፉ ሥር፣ ከጥላው ውስጥ መለሱት።

አስር ሰዓት ሲሆን ፀጉር ሠሪዋ ሱቋን ዘጋች። መጥታ አንዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ሌላው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መሀሉን ለአባቷ ተዉላቸው።